ሆድ የፈጀው

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጎልዌይ ዝናብ ለብሳ፣
ከባሕሩ በላይ ብርሃን ሳይነሣ፣
ሰማያዊ ሣጥን በክንዱ ታቅፎ
አባቴ ይመጣል በጓሮ በር አልፎ።
ጫማው ላይ የቄራ የእንጨት ብናኝ አለ፤
«ትኩስ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አላለ።
ሣጥኑን ያኖራል፣ እጁን ይጠርጋል፣
እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗል።

የሥራዬ ነገር እንዲህ ነው ባጭሩ፦
ማዕበል ይላካል ከዘንጉ ከዳሩ፤
ከወጥ ቤት ምድጃ፣ ሾርባ ከሚያሞቀው፣
ያው አንድ ማዕበል ነው ሁሉም ሰው የሚያውቀው።
ሥጋ ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ይመልሳል።
የዋጠውን ገብቶ ያየ ግን የለም፤
እኔ የምቆጥረው የተመለሰውን ብቻ ነው፤
ከሱ ተነሥቼ፣ በስሌት፣ ውስጥ የቀረው
ስንት እንደ ሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ለዘንጉ አየር አቀምሰዋለሁ፣
ቀጥሎ ብረት፣ ቀጥሎ የተጣራ ውሃ፤
ባዶን፣ ግድግዳንና ውሃን ለይቶ ያላወቀ
ስለ ጉበት ቢመሰክር ማን ያምነዋል?

ከዚያ በኋላ ነው የበሬው ጉበት።
ቀስ ብሎ መንካት ነው።
ቢላላ አየር ይገባል፣ ቁጥሩ ይዋሻል፤
ቢጠብቅ ደሙ ይሸሻል፣ ያኔም ይዋሻል።
(ሰውን ስለ ሕመሙ መጠየቅም እንደዚያው ነው፤
ይህን ግን የምጽፈው ከመዝገቡ ውጪ ነው።)
ስብ ብዙም አይውጥም፤ ውሃ ያዘለው ነው የሚሞቀው።
ጊዜም አይጠብቅም፤ ጉበቱ እየደረቀ፣
በየደቂቃው ሌላ ጉበት ይሆንብኛል።

በጥቅምት፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ሣጥኑን ይዞ የመጣው
ፊንታን ነበር፣ የቄራው ሚዛን ጠባቂ፤
ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።
«አባቴስ?»
«ግሮንያ፣ ማላኪ አልነገረሽም እንዴ?»
ጣሪያው ላይ የዝናቡ ድምፅ ብቻ።
«ሆስፒታል ነው። ጉበቱ ላይ አንዲት ነገር አለች፣
የለውዝ ፍሬ ታክላለች አሉ።
በመርፌ ገብተው ሊያቃጥሏት ነው፣
በዚህ… ምን ነበር የሚሉት… በዚህ በምድጃው ነገር።»

ሰዓቴን አየሁ።
ጓንቴን አጠለቅሁ። አየር። ብረት። ውሃ።
ዘንጉን አሳረፍሁ።
ዐርባ ሦስት። ዐርባ ሦስት። ዐርባ ሁለት ነጥብ ስምንት።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
የተንቀጠቀጠው ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ነው።

ሐኪሙ መርፌውን ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ
የሚያሰላው ከእንዲህ ዓይነት ሰንጠረዥ ነው።
በሰንጠረዡ ውስጥ የኔም ረድፎች አሉበት፤
አባቴ በዝናብ ተሸክሞ ያመጣው ጉበት ሁሉ
እዚያ አንድ አንድ ነጥብ ነው።
ማክሰኞ በማክሰኞ፣ ሳያውቀው፣
የራሱን እሳት ልክ ሲያቀብለኝ ኖሯል።
ወይስ ያውቅ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?

ሰባት ዓመት ሙሉ የዋጠው ስንት ነው?
ወደኔ የመለሰው «ትኩስ ነው» ብቻ ነው።
ሆድ ይፍጀው እያለ ሰው ነገሩን ሲያኖረው፣
ሆድ ምን ያህል ፈጀ? ማነው የቆጠረው?
እኔ፣ የመመለስ ሒሳብ አዋቂዋ፣
ማዕበል ከሥጋ ለይቼ የማውቀዋ፣
አንድ ቃል ሰጥቶኝ ሲሄድ በየሳምንቱ
የቀረውን አላሰላሁም፤ በር ዘጋሁ ከኋላው።

ማታ ክፍሉ ገባሁ። ትራሱ ሥር መነጽሩ፣
ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ፣
ያልተገለጠ የፈረስ ውድድር ጋዜጣ።
«ደህና ነህ?»
«ደህና ነኝ።»
እጁን ያዝሁት፤
አየር እንዳይገባ አላላላሁም፣
ደሙ እንዳይሸሽ አላጠበቅሁም።
እንዲሁ ቆየን፣ ነርሷ መጋረጃውን እስክትስብ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣
«ፊንታን በሰዓቱ ደረሰ?» አለኝ።
«ትኩስ ነበር?»